ለንደን ላይ መስታወት የበዛበት ኤክስቴንሽን ስንት ይፈጃል? ቢልደር ከመጥራታችሁ በፊት ሂሳቡን ራሳችሁ የምትሰሩበት መንገድ

እንግሊዝ ሀገር ቤት የገዛ ሰው ሁለት ሶስት ክረምት ካሳለፈ በኋላ አንድ ሀሳብ ይይዘዋል፣ የኪችኑን የኋላ ግድግዳ አፍርሼ ወደ ጋርደኑ ልውጣ፣ በሩ ሙሉ መስታወት ይሁን፣ ከላይም ሰማይ ይታየኝ። እኔንም ይዞኝ ነበር፣ ሰራሁትም፣ ከዛ ደግሞ አንድ ቢልደር ጋ ኮት፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ እያዘጋጀሁ አራት አመት ስለሰራሁ ከከፋዩም ካስከፋዩም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ካሬው ስንት ነው?"

ለዚህ አይነት ስራ የካሬ ዋጋ አይሰራም። የካሬ ዋጋ የሚባለው የጡብ ግድግዳ፣ አንድ መስኮትና አንድ በር ላለው ተራ ኤክስቴንሽን የተለመደ ነገር ነው፣ መስታወት ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ካሬ መስታወት ከኋላው ሌላ ነገር እየጎተተ ይመጣል፣ ብረት አለ፣ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ኢንሱሌሽን አለ፣ የኢነርጂ ሂሳብ ወረቀት አለ፣ ተሸክሞ የሚያስገባ ሰው ወይ ክሬን አለ፣ እስኪመጣ የምትጠብቁበት ሳምንት አለ። አንድ ጓደኛዬ ካሬው 3,000 ፓውንድ ነው ሲሉት ሰምቶ 13.5 ካሬውን አባዝቶ 40,500 ይዞ ተነሳ፣ ቁጭ ብለን ነገር በነገር ስንቆጥረው ከቫትና ላልታሰበ ነገር ከሚያዘው በፊት ወደ 75,000 ሆነ። ሚስቱ ሻይ ልታመጣ ሄዳ ስትመለስ ፊቱን አይታ ምን ሆንክ አለችው።

እዚህ የምጠቀመው የዛን ቤት ልክ ነው። የፓውንድ ቁጥሮቹን ለማሳያ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ የራሳችሁ ኮት ሲመጣ በሱ ትተኩታላችሁ። ህጎቹ ደግሞ የእንግላንድ ናቸው፣ ዌልስና ስኮትላንድ የራሳቸው አላቸው።

1. መጀመሪያ ክፍቱን ለኩ

ቤቱ በ1930ዎቹ የተሰራ ሴሚ ነው፣ በአንድ ወገን ብቻ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ። ኤክስቴንሽኑ በውጪ በኩል ወርዱ 5.6 ሜትር ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ግድግዳው ከነኢንሱሌሽኑ 30 ሳንቲም ገደማ ስለሚበላ በውስጥ 5 በ2.7 ይሆናል፣ 13.5 ካሬ። ሰው ይሄን ግድግዳ ይረሳና 3 ሜትር ክፍል አገኛለሁ ብሎ ሶፋ ገዝቶ ይጠብቃል።

አሁን መስታወት የሚገባበትን ክፍት ሁሉ አንድ በአንድ ፃፉ። ባለ ሶስት ክንፍ ስላይዲንግ (ተንሸራታች) በር 4.5 በ2.2፣ 9.9 ካሬ። ጣሪያ ላይ የማይከፈት ሩፍላይት (የጣሪያ መስታወት) 3 በ1፣ 3 ካሬ። ድምሩ 12.9 ካሬ፣ ከወለሉ ስፋት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በእያንዳንዱ አጠገብ ሶስት ነገር ጨምሩበት፣ ይከፈታል ወይስ ዝግ ነው፣ ወደየት ይዞራል፣ የበሩ ደፍ ከውስጥ ወለል ጋር እኩል ነው ወይስ ከፍ ይላል። ዝግ መስታወት ከሚንሸራተተው በጣም ይረክሳል፣ ስለዚህ ከሶስቱ ክንፍ የምር የምትከፍቱት ስንቱን እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ። አቅጣጫው ደግሞ ደቡብ ወይም ምዕራብ ከሆነ ፀሀይ የሚቀንስ መስታወት ያስፈልጋል፣ ያውም የምዕራቡ ይብሳል፣ የማታ ፀሀይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ ጥላ ብትሰሩ አይከልላትም። ሐምሌ ላይ እራት የምትበሉበት ክፍል ምድጃ እንዳይሆንባችሁ ነው።

2. የ25 ፐርሰንቱን ህግ አስሉ

ብዙ ሰው ይሄን የሚሰማው አርኪቴክቱ ስዕሉን ከጨረሰ በኋላ ነው። ከጁን 15 ቀን 2022 ጀምሮ በሚሰራበት የኢነርጂ መመሪያ መሰረት የአንድ ኤክስቴንሽን መስኮት፣ በርና ሩፍላይት ተደምሮ ከአዲሱ ወለል ስፋት 25 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም፣ በዚህ ላይ ኤክስቴንሽኑ የሸፈናቸው የድሮ መስኮትና በሮች ስፋት ይጨመርላችኋል። የ13.5 ሩብ 3.4 ካሬ ገደማ ነው። የድሮው የኪችን መስኮት 1.8 በ1.2፣ የጓሮው በር 0.9 በ2.1፣ ሁለቱ ተደምረው 4.05። ስለዚህ የተፈቀደው 7.4 ካሬ ገደማ ነው። እኛ የፈለግነው 12.9። በ5.5 ካሬ አልፈናል።

ማለፍ ክልክል አይደለም፣ ግን ካሳ ይከፈልበታል። ካሳው ምን እንደሚመስል በግርድፉ ላሳያችሁ። ዩ ቫሊው የሚባለው ሙቀት በአንድ ካሬ ምን ያህል እንደሚያመልጥ የሚለካበት ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። ለአዲስ መስኮት ገደቡ 1.4፣ ለአዲስ ግድግዳና ወለል 0.18፣ ለጣሪያ 0.15። ግድግዳ መሆን የነበረበት 5.5 ካሬ መስታወት ሲሆን ልዩነቱ 1.22 ነው፣ ሲባዛ ለእያንዳንዷ ዲግሪ 6.7 ዋት ተጨማሪ ብክነት ይመጣል። እሱን ከሌላ ቦታ መመለስ አለባችሁ። 12.9 ካሬውን መስታወት በሙሉ 1.4 ከነበረው 1.0 ብታደርጉት 5.2 ገደማ ይመለሳል፣ ይሄ ብዙውን ጊዜ ሶስት ድርብ መስታወት ማለት ነው። የቀረውን 1.5 ከወለሉ፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው ኢንሱሌሽን ትለቅማላችሁ። እዚህ ጋ ነው ዋጋው ሲጎተት የምታዩት፣ ኢንሱሌሽኑ ሲወፍር ወለሉ ይበልጥ ይቆፈራል፣ አፈሩ ይበዛል፣ ጣሪያው ከፍ ይላል።

በዚህ መንገድ ካልሞላ ሌላ አለ፣ ሳፕ የሚባለው፣ አሴሰር፣ ማለትም የኢነርጂ ሂሳብ ባለሙያ፣ ቀጥራችሁ ሙሉ ቤቱን ያሰላዋል፣ ድሮ ቤት ውስጥ የምታሻሽሉት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሰገነቱን ኢንሱሌት ብታደርጉ ወይ ቦይለር ብትቀይሩ፣ ያ ይቆጠርላችኋል። ስለዚህ በበጀታችሁ ላይ የአሴሰር ክፍያ የሚል አንድ መስመር አሁኑኑ ጨምሩ።

አንዳንዱ ደግሞ "ኮንሰርቫቶሪ (የመስታወት ክፍል) ነው በሉት፣ ህጉ አይነካችሁም" ይላል። እውነት አለው ግን በቅድመ ሁኔታ፣ ከ30 ካሬ በታች፣ መሬት ላይ ያለ፣ ከቤቱ ጋር የውጪ በር ደረጃ ባለው በር የተለየ፣ ማሞቂያውም ለብቻው የሚቆጣጠሩት መሆን አለበት። በሩን አንስታችሁ ከኪችኑ ጋር ካዋሃዳችሁት ነገሩ አበቃ። በሩን ትታችሁ ብትኖሩ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ማንም እዛ አይቀመጥም፣ የልብስ ማድረቂያ ክፍል ነው የሚሆነው።

3. ወረቀቱ

ፕላኒንግ ላይ ብዙ አልቆይም። ሴሚና ቴራስ (በተርታ የተያያዘ) ቤት ያለ ፕላኒንግ ፈቃድ ከመጀመሪያው የኋላ ግድግዳ 3 ሜትር መውጣት ይችላል፣ ዲታችድ (ለብቻው የቆመ) 4፣ ለጎረቤት በማሳወቅ በሚሰራው መንገድ ደግሞ 6ና 8 ሜትር ድረስ ይኬዳል። ፍላት ይሄ መብት የለውም፣ ኮንሰርቬሽን ኤሪያ፣ የድሮ ገፅታው የሚጠበቅ ሰፈር፣ ደግሞ ተጨማሪ ገደብ አለው፣ ካውንስላችሁን ጠይቁ። ፕላኒንግ አያስፈልግም ማለት ግን ቢልዲንግ ኮንትሮል፣ ግንባታው ደንቡን ጠብቆ መሰራቱን የሚያየው፣ አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የመስኮት ካምፓኒው የሚሰጣችሁ የፌንሳ ሰርተፊኬት የድሮ መስኮት ሲቀየር ነው የሚሰራው፣ ለኤክስቴንሽን አይሆንም፣ ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ጠበቃ የሚጠይቀው የቢልዲንግ ኮንትሮሉን ማጠናቀቂያ ወረቀት ነው።

ገንዘብ የሚበላው ፓርቲ ዎል ነው፣ ከጎረቤት ጋር ያለው የጋራ ግድግዳና የድንበር ጉዳይ። በ1996ቱ ህግ መሰረት ከጎረቤት ቤት በ3 ሜትር ውስጥ ከሱ መሰረት ዝቅ ብላችሁ የምትቆፍሩ ከሆነ ወይ ድንበሩ ላይ ግድግዳ የምታቆሙ ከሆነ የአንድ ወር ማሳወቂያ፣ የጋራውን ግድግዳ በስታችሁ ብረት የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ የሁለት ወር ማሳወቂያ ትሰጣላችሁ። ጎረቤት በ14 ቀን ካልመለሰ እንዳልተስማማ ይቆጠራል፣ ከዛ ጉዳዩን የሚወስን ሰርቬየር ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ የእሱንም የእናንተንም ሰርቬየር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በሁለት ወገን ጎረቤት ካለ በሁለት አስቡት። ስለዚህ ደብዳቤው በፖስታ ከመድረሱ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፣ ስዕሉን ይዛችሁ፣ ከተቻለ ቡና ጠጡልን ብላችሁ። እኔ አጠገቤ ካሉት ሴትዮ ጋር እንዲህ አድርጌ በአንድ ቀን ፈረሙልኝ፣ በሌላው ወገን ያለውን ግን ቸኩዬ ደብዳቤ ብቻ ላኩለትና ሰርቬየር ቀጠረ፣ የሁለት ሩፍላይት መጋረጃ የሚገዛ ብር በዛ ሄደ።

አንድ ሌላ፣ የፍሳሽ ቱቦ። ጓሯችሁ ውስጥ ማንሆል ካለ ክፈቱና እዩ፣ የጎረቤትም ውሃ በዛ የሚያልፍ ከሆነ ከኦክቶበር 2011 ወዲህ መስመሩ በአብዛኛው የውሃ ድርጅቱ ንብረት ነው፣ ከሱ በ3 ሜትር ውስጥ የምትገነቡ ከሆነ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ለንደን ላይ ባብዛኛው ቴምስ ዋተር ነው። ማንሆሉ የስላይዲንግ በሩ ደፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት መዛወሩን አሁን ዋጋ አውጡለት።

4. መሬት ውስጥ የሚቀበረው

ለመሰረቱ የሚቆፈረው ቦይ ርዝመት 5.6 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3፣ 11.6 ሜትር። 60 ሳንቲም ወርድ፣ 1 ሜትር ጥልቀት፣ ወደ 7 ኪዩብ አፈር። ወለሉ ደግሞ 13.5 ካሬ በ45 ሳንቲም፣ 6 ኪዩብ። 13 ኪዩብ ሆነ፣ አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ 30 ፐርሰንት ጨምሩበት፣ 17። የ8 ያርድ ስኪፕ፣ ተከራይታችሁ አፈርና ፍርስራሽ የምትጥሉበት የብረት ሳጥን፣ 6 ኪዩብ ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ ሶስት ስኪፕ ለአፈር ብቻ፣ የፈረሰው ግድግዳ ሌላ። ስኪፑ መንገድ ላይ ከቆመ የካውንስል ፈቃድ ይጨመራል።

ለንደን ሸክላ አፈር ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ሸክላ ደግሞ ዛፍ ውሃውን ሲጠጣበት ይኮማተራል። አጠገባችሁ ኦክ ወይም ዊሎ ካለ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ የቢልዲንግ ኮንትሮሉ ኢንስፔክተር ቦዩን አይቶ ጥልቀት ጨምሩ ሊል ይችላል። 1 ሜትሩ 1.5 ሲሆን ወደ 3.5 ኪዩብ ተጨማሪ ኮንክሪትና አራተኛ ስኪፕ ማለት ነው። ስለዚህ ቢልደሩን "ከ1 ሜትር በታች ለያንዳንዱ 10 ሳንቲም ስንት ትጨምራለህ?" ብላችሁ አሁን ዋጋውን አስፅፉት፣ ቦዩ ተከፍቶ ቆሞ ስትደራደሩ አቅም የላችሁም።

5. ብረቱ፣ የመስታወቱ ዋና ጓደኛ

ሁለት ክፍት አለ። አንዱ የድሮው የኋላ ግድግዳ፣ የላይኛውን ፎቅ የተሸከመው። ሁለተኛው አዲሱ 4.5 ሜትር በር። ሁለቱም ላይ ብረት ይገባል፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር ያሰላዋል፣ እናንተ ደግሞ የሱን ወረቀት ማንበብ ትችላላችሁ። 203 በ203 በ46 ብሎ ከፃፈ የመጨረሻው ቁጥር በሜትር ክብደቱ ነው፣ 46 ኪሎ። 5.4 ሜትር ከሆነ 248 ኪሎ። ሁለት ሰው አይሸከመውም፣ አራት አምስት ሰው ወይ ማንሻ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ የጉልበት ዋጋ ነው። ከዛ ከጫፎቹ ስር የሚቀመጠው የኮንክሪት ትራስ፣ ጊዜያዊ መደገፊያው፣ ለእሳት መከላከያ የሚለበጠው ቦርድ፣ እነዚህን ኮት ውስጥ በስማቸው ፈልጓቸው።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ብረት ሲጫን በመጠኑ ይለምጣል። የተለመደው ገደብ ርዝመቱ ለ360 ተካፍሎ ነው፣ ለ4.5 ሜትር 12.5 ሚሊ ይመጣል። ለጣሪያ ልስን ይበቃል። ለስላይዲንግ በር ግን 12 ሚሊ ማለት በሩ መቃኑ ውስጥ ተነክሶ አይንቀሳቀስም ማለት ሊሆን ይችላል፣ የበር አምራቾቹ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ይጠይቃሉ። ስለዚህ በሩን ከየት እንደምትገዙ ሳትወስኑ ኢንጂነሩ ብረቱን እንዲያሰላ አታድርጉ፣ የአምራቹን ገደብ በፅሁፍ ተቀብላችሁ ለኢንጂነሩ ላኩለት። ብረቱ አንድ ደረጃ ይወፍር ይሆናል፣ ልዩነቱ ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው፣ በኋላ ከማፍረስ ይሻላል።

6. መስታወቱን ለብቻው ኮት አስወጡ

የኔን ስህተት ላጫውታችሁ። የመጀመሪያው ቢልደሬ ኮት ሲሰጠኝ ድምሩ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ውስጡ "በሮችና ሩፍላይት፣ ፒሲ ሰም፣ 5,000" የሚል መስመር ነበረች። ፒሲ ሰም ማለት እቃው ገና ስላልተመረጠ በግምት የተያዘ ብር ነው፣ እውነተኛው ዋጋ ሲመጣ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። እኔ የፈለግኩት በርና ሩፍላይት 13,000 ወጣ። ሰውየው አልዋሸም፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት፣ ግን 5,000 ሲፅፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የክፍታችሁን ዝርዝር ለሶስት የመስታወት ካምፓኒ ልካችሁ ዋጋ ያዙ፣ ከዛ ለሁሉም ቢልደር ያንኑ ቁጥር ስጧቸው፣ ያኔ ነው ኮቶቹ የሚወዳደሩት።

ከካምፓኒው የምትጠይቁት፦ የሙሉው በር ዩ ቫሊው፣ ከነፍሬሙ፣ የመስታወቱ መሀል ብቻ አይደለም፣ ብሮሹር ላይ ቆንጆ ሆኖ የሚፃፈው የመሀሉ ነው። ጂ ቫሊው፣ የፀሀይ ሙቀት ምን ያህሉን እንደሚያስገባ። መስታወቱ የደህንነት አይነት መሆኑ፣ በር ላይ እስከ 1.5 ሜትር፣ መስኮት ላይ ከወለል እስከ 80 ሳንቲም ያለው ግድ ነው፣ ከራስ በላይ ለሚሆነው ደግሞ የውስጠኛው ላሚኔትድ እንዲሆን ጠይቁ፣ ቢሰበርም ፊልሙ ይዞት ስለሚቆይ እራታችሁ ላይ አይወርድም። ቫት ውስጡ አለ ወይስ የለም፣ ብዙዎቹ ያለቫት ነው የሚነግሯችሁ። እና ማን ነው የሚለካው? ይሄ ትልቅ ነው። እናንተ ለክታችሁ ካዘዛችሁ ስህተቱ የናንተ ነው፣ ካምፓኒው ሳይት መጥቶ እንዲለካ አድርጉ፣ ዋጋ ቢጨምርም።

ክብደት አስሉ። አንድ ካሬ መስታወት በያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ነው። ባለ 6ና 6 ሚሊ ድርብ 30 ኪሎ በካሬ፣ ስለዚህ ሶስት ክንፍ ያለው በራችን እያንዳንዱ ክንፍ 3.3 ካሬ፣ 99 ኪሎ፣ ከፍሬሙ በፊት። ሶስት ድርብ ከሆነ፣ 6፣ 4ና 6፣ 132 ኪሎ። ሩፍላይቱም ላሚኔትድ ስለሆነ ከ100 ኪሎ ያልፋል። አሁን ቤታችሁን እዩ፣ በጎን መግቢያ አለ? ሴሚ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ቴራስ ከሆነ በሳሎን አልፎ ይገባል ወይ በቤቱ ላይ በክሬን፣ ክሬን ሲባል የመኪና ማቆሚያ ማስዘጊያ፣ ለካውንስል ማመልከቻ፣ የቀን ኪራይ። ካምፓኒው "ዴሊቨሪ ከርብሳይድ" ብሎ ከፃፈ መንገድ ዳር አውርዶላችሁ ይሄዳል ማለት ነው፣ ከዛ ወዲህ ያለው የናንተ ጣጣ ነው።

ክፍያው ላይ፣ ብዙዎቹ ግማሽ ዲፖዚት ይጠይቃሉ። ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 የሆነ እቃ ከዲፖዚቱ የተወሰነውን እንኳ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ የክሬዲት ህጉ ሴክሽን 75 ይጠብቃችኋል፣ ካምፓኒው ቢዘጋ ባንኩን ትጠይቃላችሁ። ዴቢት ካርድ አይደለም፣ ክሬዲት።

7. የቀረው

ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን፣ ቀለም፣ ኤሌክትሪክ፣ ይሄን ማንም ቢልደር ያውቀዋል፣ በሱ ብዙ አትጨነቁ። ሁለት ነገር ብቻ። መስታወት ላይ ራዲየተርም ሶኬትም ካቢኔም አይሰቀልም፣ ስለዚህ ማሞቂያው ወለል ውስጥ ሊገባ ነው፣ ሶኬቱም እንደዛው፣ ዋጋው ይለያል። ሁለተኛ፣ ውስጥና ውጪ እኩል የሆነ ደፍ ከፈለጋችሁ ውጪ በበሩ ሙሉ ርዝመት ረጅም የውሃ መውረጃ ቦይ ይገባል፣ ንጣፉም ወደ ውጪ ያዘነብላል፣ ንጣፉ ኮት ውስጥ የለም ብላችሁ ገምቱ፣ ሁሌም የለም።

8. ሳምንታት

መስታወት ሳይት ተለክቶ ከታዘዘ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም በላይ። ለመለካት ደግሞ ብረቱ መግባት አለበት፣ የወለሉ የመጨረሻ ከፍታ መታወቅ አለበት። ይሄ ማለት ቤታችሁ ከኋላ በፕላይዉድ ተዘግቶ ወራት ይቆያል፣ በኖቬምበር ከጀመራችሁት ደግሞ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ቁርስ ይበላሉ። ቢልደሩ ሌላ ሳይት ሄዶ እስኪመለስ ስካፎልዱ፣ አጥሩ፣ ቶይሌቱ፣ ኢንሹራንሱ በሳምንት ይቆጠራል። ለዚህ በሳምንት የሚቆጠር ወጪ ለብቻው መስመር አውጡ፣ ሳምንቱን በዋጋው አባዙ። አንዳንዱ በስዕል ልክ ቀድሞ አዝዞ ክፍቱን ከበሩ ጋር ያስማማል፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን ያንን የሚያደርገው በሚሊ የሚሰራ ቢልደር ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

9. አሁን ደምሩ

ማፍረስ፣ ስኪፕ፣ መዝጊያ 4,000። መሰረትና ወለል 9,500። ግድግዳ 5,500። ሁለቱ ብረት ከነመግጠሚያው 7,500። ጣሪያ 6,000። በር 9.9 ካሬ በ1,100፣ 10,890፣ ሩፍላይት 3,000፣ ማንሻና መግጠሚያ 1,500። ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ማሞቂያ 5,000። ልስን፣ ወለል፣ ቀለም 6,500። በሳምንት የሚቆጠረው ወጪ 14 ሳምንት በ400፣ 5,600። ድምሩ 64,990፣ 65,000 ብለን እንያዘው። የቢልደሩ ኦቨርሄድና ትርፍ 15 ፐርሰንት፣ 9,750፣ 74,750 ሆነ። ያልታሰበ ነገር 10 ፐርሰንት፣ 7,475፣ 82,225። ቫት 20 ፐርሰንት፣ 16,445። መጨረሻው 98,670።

እዩት፣ መስታወቱና ብረቱ ብቻ ከ65,000ው ከሲሶ በላይ ናቸው። ኪችን ካቢኔ፣ አርኪቴክት፣ ኢንጂነር፣ ቢልዲንግ ኮንትሮል፣ ፓርቲ ዎል ገና አልገቡም። ከበዛባችሁ መቀነስ የሚጀመረው ከቀለምና ከሶኬት አይደለም፣ ከክፍቱ ነው። በሩን ከ4.5 ወደ 3 ሜትር ብታወርዱት የበሩ ካሬ 6.6 ይሆናል፣ ከሩፍላይቱ ጋር 9.6፣ የ25 ፐርሰንቱ ካሳ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ሶስት ድርቡም ላያስፈልግ ይችላል፣ ብረቱ ይቀጥናል። ብርሃኑ እንደሆነ ከላይ ነው የሚመጣው፣ የሩፍላይት አንድ ካሬ ከጎን በር የበለጠ ያበራል።

10. ኮት ሲመጣ

ከሶስት ቢልደር ኮት ውሰዱ፣ ለሁሉም አንድ አይነት ስዕል፣ የኢንጂነሩን ወረቀትና የመስታወቱን ዋጋ ስጧቸው። "ፒሲ ሰም" ወይ "ፕሮቪዥናል ሰም" የሚል መስመር ካለ በቀይ ክበቡት፣ የአንዱ ኮት ብዙ ቀይ ካለው ዋጋው ገና አልተነገራችሁም። ሁለተኛ ቫትን እዩ። ቫት ያልተመዘገበ ቢልደር ጉልበቱ ላይ 20 ፐርሰንቱን አይጨምርም፣ በእርግጥ ይረክሳል፣ ግን መመዝገብ ግዴታ የሚሆነው በ12 ወር ገቢው ከ90,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፣ የናንተ ስራ ብቻውን ወደዛ ሊያደርሰው ስለሚችል ስራው መሀል ላይ ተመዝግቤያለሁ ቢል ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ፃፉት። መስታወቱን እናንተ በቀጥታ ከገዛችሁ ገቢው ውስጥ አይቆጠርም፣ እሱም አንድ ምክንያት ነው። የኛ ሰው ነው፣ በቃል እንስማማ የምትለዋን ደግሞ ተዉ፣ የኛም ሰው ቢሆን በወረቀት፣ ለቤት ባለቤት የተዘጋጀ ጄሲቲ የሚባል የግንባታ ውል አለ፣ ዋጋው ትንሽ ነው።

ክፍያውን በቀን ሳይሆን ባለቀ ስራ ከፋፍሉት፣ ወለሉ ሲፈስ፣ ብረቱ ገብቶ ኢንስፔክተሩ ሲያየው፣ ጣሪያው ውሃ ሲከላከል፣ መስታወቱ ሲገጠም። 5 ፐርሰንት እጃችሁ ላይ አስቀሩ። ከመልቀቃችሁ በፊት የጓሮ ውሃ ጎማ አውጥታችሁ ሩፍላይቱ ዙሪያና የበሩ ደፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ውሃ ልቀቁበት፣ አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ እያየ። እኔ ጋ በአስራ አምስተኛው ደቂቃ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ሁላችንም መስታወቱን ወቀስን፣ ለካ የመጣው ጣሪያው ከድሮው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት የእርሳስ ፍላሺንግ በኩል ነው። ቢልደሩ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መሰላል ይዞ በር ላይ ነበር፣ 3,900 ፓውንዱ እኔ ጋ ነበረቻ።